የዛገው በር የተነሳ ዕለት

ኦምዱርማን ብየዳ እየሠራሁ ሳለ፣ አንድ ክረምት ከካርቱም በላይ ዓባይ ላይ ወዳለ አሮጌ የመብራት ግድብ በአስቸኳይ ተጠራሁላችሁ። ከውሃ መልቀቂያ በሮቹ አንዱ ዝጎ አልነሳ ብሏል፤ ውሃው ደግሞ ወደ ግድቡ አናት እየሞላ ነው። የበሩን ማንጠልጠያ ዝገት ስለበላው አዲስ ብረት በየድኩበት። ክሬኑ በዚያው ብረት በሩን ሊስብ ሲል ሠራተኛው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ለክሬን ነጂው ምልክት የምትሰጠው ሱዳናዊቷ መሐንዲስ ሐናን ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ብየዳህን ታምነዋለህ?» አለችኝ።

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው አጠገቤ ቁም» አለችና እጇን አነሳች። «ያላ፣ ሳብ።»

ሽቦው ተወጠረ፤ ብረቱ ሲያፏጭ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። በሩ አይነቃነቅም። ብየዳዬ ከለቀቀ ሁለታችንም አለቀልን እያልኩ ሳስብ ድንገት ተላቀቀና ተነሳ። ከሥሩ ቡናማ ውሃ እያገሳ ወጣ፤ የቆምንበት ኮንክሪት ተንቀጠቀጠ፤ ከራስ እስከ እግራችን ረጠብን። እኔ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። ሐናን ፊቷን በሻሿ እየጠረገች ወደ ውሃው አሳየችኝ።

«የአገርህ ዝናብ ነው» አለችኝ፤ «በሩንም የከፈትክለት አንተው ነህ።»