ሄሊኮፕተር የሚጠብቀው ዋንዛ

አቶ ዋለ በዚያ ዓርብ ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለው መንደራቸው ሐይቅ ከተማ የወረዱት ለገበያ አልነበረም፤ ሞባይላቸውን ቻርጅ ለማድረግ ነው። መንደራቸው መብራት ከገባለት አምስት ዓመት ቢሆነውም ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሲጠፋ ሲመጣ ከርሞ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ጨርሶ ድርግም ብሏል። ዓርብ ደግሞ ለእርሳቸው የዋዛ ቀን አይደለም። ሳውዲ በሰው ቤት የምትሠራው አንዲት ልጃቸው ማርያማዊት የምታርፈው ዓርብ ነው፤ ከቀትር በኋላ ትደውላለች። ሦስት ዓርብ ስልኩ ተዘግቶ አለፈ። አራተኛውን ለማሳለፍ አንጀታቸው አልቻለም።

ስልካቸውን ለባለሱቋ ለሱረያ ሰጥተው ደጃፏ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ከጁምአ ሶላት የሚመለስ አንድ ወጣት አያቸውና እየሮጠ መጣ። የጎረቤታቸው የሀሚዱ ልጅ ሙሀይሚን ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ የተማረ፣ አሁን የመብራት መስመር የሚጠግን፣ ሰው አክባሪ ልጅ።

«ጋሽ ዋለ! ደህና ዋሉ ወይ? በጤናዎ ነው?» ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ከተማው ተስማምቶሃል?»

«አልሀምዱሊላህ። እንዲያውም እርስዎን ላገኝዎት እያሰብኩ ነበር። ነገ ወደ እናንተ እንወጣለን። ያን ሽቦ የሚነካ ዋንዛዎን ሳንከረክም መብራቱን ብንለቀው ተመልሶ ይጠፋል።»

የአቶ ዋለ ፊት ጠቆረ። ዋንዛውን ማርያማዊት አራተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ችግኙን በእቅፏ ይዛ መጥታ የተከለችው ነው። የሄደች ዕለት ግንዱን አቅፋ፣ «አባዬ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይነካብኝ» ብላቸዋለች። ይህን ካለች ሰባት ዓመቷ ነው።

«እናንተ ምን አለፋችሁ?» አሉ ወደ መንገዱ እየተመለከቱ፤ «ሄሊኮፕተሩ ይምጣና ይከርክመው።»

እዚህ ላይ የመንደሩን ጉድ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ዓምና በቀበሌው ስብሰባ ሙሀይሚን በስልኩ አንድ ፊልም አሳይቶ ነበር፤ ሄሊኮፕተር ክብ ክብ መጋዝ የተደረደረበት ረጅም ዘንግ አንጠልጥሎ በመብራት መስመር ዳር ያለውን ዛፍ ሲከረክም። ሕዝቡ «ሊመጣልን ነው» እያለ ወደየቤቱ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ የነካ የለም። ቢያድግልኝ የሚባሉ ገበሬ ለማረፊያው ብለው የእርሻቸውን ድንጋይ ለቅመው ጨረሱ። መጋዝ ይዘው የመጡ ሠራተኞች እንኳ «እኛ የሄሊኮፕተር ነን» ተብለው ተመለሱ።

ከሁሉ አብልጠው የጠበቁት አቶ ዋለ ናቸው። ልጃቸውን የወሰደባቸው በሰማይ የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ በሰማይ የሚመጣ ሁሉ ስለ እርሷ የሚያውቅ ይመስላቸው ነበር።

«ጋሽ ዋለ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሙሀይሚን አንገቱን ደፍቶ። «እንዲህም ይሠራል ብዬ አሳየሁ እንጂ ነገ ይመጣል አላልኩም። በሌላ አገር ገደል ለገደል የተዘረጋውን መስመር፣ ሰው ወር የሚለፋበትን፣ በአንድ ቀን ይጠርገዋል። ከዛፍ የሚወድቅ ሰው የለ፣ ሽቦ የሚይዘው የለ። ለአምባሰል ገደልም ቢመጣ ወላሂ ደስታዬ ነበር።»

«እንግዲያው እንጠብቀዋ!»

«ቢመጣስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ያለውን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። ‹ይህ የልጄ ነው፣ ተውልኝ› ቢሉት ከዚያ ላይ ማን ይሰማዎታል? እኔ ግን ከሥሩ ቆሜ፣ ‹ይህችን ተው› ሲሉኝ እተዋለሁ።»

አቶ ዋለ ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። ዱላቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ቃል ገብቻለሁ» አሉ። «መጥታ ጎድሎ ብታየው ምን እላታለሁ?»

«የነጥሩሰው በሬ በወደቀ ሽቦ የሞተው የት ነው? እዚያው ዋንዛ ሥር አይደለም? ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ስለማይሠራለት ክትባቱን ወደ ከተማ መልሷል። ወፍጮው ቆሞ እናቶች እህል ተሸክመው ተራራ ይወርዳሉ።»

«አውቃለሁ! ይህን ሁሉ አውቃለሁ!» አሉ አቶ ዋለ። «እኔ ያጣሁት ዕውቀት አይደለም ልጄ። ልጄን ነው ያጣሁት።»

ሙሀይሚን አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ሱረያ፣ «ጋሽ ዋለ፣ ስልክዎ!» ብላ ከውስጥ ተጣራች። አቶ ዋለ ዱላቸውን ጥለው ገቡ።

«አባዬ! አለህ? ሦስት ዓርብ ስደውል ዝግ ነው ይለኛል። የሞትክ መስሎኝ እህል አልበላ ብሎኝ ሰነበተ!»

«አለሁ የኔ ዓለም፣ አለሁ። መብራት ጠፍቶ ነው። ዋንዛሽ ሽቦ ይነካል፣ እንከርክም ብለው መጡብኝ። እኔ ግን አላስነካም አልኩ።»

«የቱን ዋንዛ?»

አቶ ዋለ የሱቁን መደርደሪያ ያዙ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ታቦት የጠበቁትን ቃል ልጅቱ ረስታዋለች።

«ያ… እኔ የተከልኩት?» አለች ማርያማዊት። ስታለቅስ ይሰማቸው ነበር። «በማርያም፣ ለእሱ ብለህ ነው ስልክህ የሚዘጋው? ልጅነቴ ነው እኮ ያናገረኝ። እኔን የሚናፍቀኝ ድምፅህ ነው፣ አባዬ። ይከርክሙት፤ ብቻ ስደውል አግኝቼህ።»

አቶ ዋለ ሲወጡ ሙሀይሚን ዱላቸውን አንሥቶ ጠበቃቸው።

«ነገ በጠዋት ና» አሉት። «መጋዝህን ይዘህ።»

በማግስቱ ሠራተኞቹ መስመሩን ዘግተው ወጡ። አቶ ዋለ ከሥር ሆነው በዱላቸው «ይህን ቁረጥ፣ ያን ተው» እያሉ አዘዙ፤ ሙሀይሚንም ቃሉን ጠበቀ። ግንዱ ቆመ፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለው ጥላ ተረፈ። በሽቦው በኩል የነበረው ትልቁ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ግን አቶ ዋለ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ወደ ሐይቅ የሚወስደው ጥምዝምዝ መንገድ ወለል ብሎ ታያቸው። ማርያማዊት የሄደችበት መንገድ ነው፤ ዋንዛው እያደገ ለዓመታት ሸፍኖት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ልብ ገዛ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ሠራተኞቹ መስመሩን ይዘጋሉ፣ ሕዝቡ የተቆረጠውን ያነሣል፣ ሽቦ አጠገብ በራሱ መጥረቢያ የሚወጣ የለም። ክትባቱ ተመልሶ ጤና ጣቢያው ገባ፤ ወፍጮው ይፈጫል፤ ተማሪው በመብራት ያነባል። ቢያድግልኝም ድንጋዩን በለቀሙበት ማሳ ሽምብራ ዘሩ። ሄሊኮፕተሩ አንድ ቀን ቢመጣ ደግ ነው፣ መመኘቱም አይከፋም፤ ክፋቱ በጃችን ያለውን መጋዝ አስቀምጦ ሰማይ ሰማይ ማየቱ ነው።

ዋንዛው ከተከረከመ በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። የአቶ ዋለ አምፖል ግን ብልጭ ድርግም አላለም። ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ተከረከመ? ከፋህ?»

«አልከፋኝም። ከደጄ ቆሜ የሄድሽበት መንገድ ይታየኛል።»



«አሁን ምን ይታይሃል?» አለች ማርያማዊት።

«አንድ ሚኒባስ ከሐይቅ እየወጣ ነው» አሉ አቶ ዋለ። ከዚያ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ፣ ስልኩንም ሳይዘጉ፣ ሚኒባሱ እስኪያልፍ ጠበቁ።