ከጠበሉ የወጡት ቁልፎች

ፍላቂት ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። በንግሡ ዋዜማ ቄሰ ገበዙ ጠበል ሊጠጡ ጎንበስ ሲሉ፣ ካንገታቸው ያንጠለጠሉት የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ማሰሪያው ተበጥሶ የጠበሉ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። በሩ ካልተከፈተ ታቦቱ አይወጣም፤ ጉድጓዱ ደግሞ ጥልቅ ነው። እኔ ቤቴ ሮጬ ከተበላሸ ቴፕ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት አመጣሁና በገመድ አስሬ ቁልቁል ለቀቅሁት።

"መምህር፣ ውሃው አያግደውም?" አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

"አያግደውም አባ፤ ጉልበቱ ውሃውን አልፎ ይስባል" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ውሃ ውስጥ ሞክሬው አላውቅም ነበር።

ገመዱ ከበድ ሲለኝ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ቁልፉ ማግኔቱ ላይ ጥብቅ ብሏል። እሱ ብቻ መች ሆነና! ማግኔት የያዘው ብረት ለጊዜው ራሱም ማግኔት ይሆናልና፣ ከቁልፉ ጫፍ ሌላ የዛገ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሕዝቡ እልል ሲል አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው የዛገውን አዩት።

"አባ፣ ይኼ አምና ሌባ ወሰደው ብለውን ጓጉንቸሩን የሰበርንለት ቁልፍ አይደለም?"

ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

"አዬ፣ ሌባው ተጸጽቶ ሊጠመቅ መጥቶ ኖሯል" አሉ።