የእህቴ ልጅ ፒያኖ የተጫወተች ዕለት

የእህቴ ልጅ ውጭ አገር በትልልቅ አዳራሾች ፒያኖ የምትጫወት ሰው ናት። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጣት በስልክ አይቻለሁ። እናቷ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ሰምታት አታውቅም፤ እግሯም ከእንግዲህ ሩቅ አይወስዳትም። ስለዚህ ልጅቱ ሰቆጣ መጥታ ሳለች አንድ ኃላፊ "በስብሰባችን መክፈቻ ተጫወችልን" ሲላት፣ ለእናቷ ብላ እሺ አለች። ፒያኖ ከየት ይምጣ፤ የሠርግ ኪቦርድ ተውሰው አቀረቡላት። እህቴን ደግፌ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

ልጅቱ ገና ስትጀምር ኃላፊው ማይክ ጨብጦ "ከአምደወርቅና ከጽጽቃ የመጣችሁ እንግዶች፣ ወደ ፊት ተጠጉ" ይል ጀመር። እሷ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች።

"ምነው አቆምሽ?" አላት።

"እርስዎ እስኪጨርሱ ነው።"

"አይ፣ አንቺ ቀጥይ፤ እኔን አትረብሺኝም።"

እሱ ንግግሩን ሳይጨርስ የሻይ ሰዓት ደረሰ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ለአምባሻ ሲጋፋ ብታዩት፣ ለጠበል እንኳ እንዲያ አይጋፋም። አዳራሹ ባዶ ሲቀር እህቴ "በይ አሁን ጸጥ አለልሽ፤ አሰሚኝ" አለቻት። ልጅቱ እንደገና ጀመረች። ወዲያው ኃላፊው አምባሻውን እያላመጠ በበሩ ብቅ አለና "ጥሩ ነው፤ ግን እስክስታ የሚያስወርድ የለሽም ወይ?" አለ።

እኔ ቢሮ ገብቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ፈሪ ነኝ። የመሬት ጉዳዬም በዚያ ሰሞን በሱው እጅ ነበር። ተነሣሁና በሩን ዘጋሁበት። ቢያንኳኳም፣ በስሜ ቢጣራም፣ እህቴ ሰምታ እስክትጨርስ መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ።