ስህተት የለውም

ከሁሩታ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስሄድ ከፊቴ አንዲት ልጅና አምና እንግሊዝኛ ያስተማራት መምህር ተቀምጠው ነበር። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ የሰማሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው ጽፌዋለሁ።

«አንቺም ወደቅሽ? እጅ ማውጣት የማይታክትሽ ልጅ?»

«ለትንሽ ነው ያመለጠኝ፣ ቲቸር። የጣለኝ ዓረፍተ ነገር አርሙ የሚለው ነው።»

«እሱንማ ዓመቱን ሙሉ ሠርተነዋል!»

«ሠርተናል። መጨረሻ ላይ ‹ስህተት የለውም› የሚል ምርጫ አለ አይደል? እሱን አንዴም አልመረጥኩትም።»

«ለምን?»

«ልክ የሆነ ነገር ፈተና ላይ ያወጣሉ ብዬ አላሰብኩማ። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉልን ሁሌ የተበላሸውን ነበር። ‹ስህተቱን ፈልጉ› ይሉናል፣ እንፈልጋለን። ፈተናው ላይም ደህናውን ሁሉ እየነካካሁ አበላሸሁት።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግድ የለም፣ ዘንድሮ እንደገና ትፈተኛለሽ።»

«ኧረ ቲቸር! አባባ በቃሽ ብሏል። ደላላው አሰላ መነኸሪያ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሳዑዲ ልሄድ ነው፣ ሰው ቤት ልሠራ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ውል ተዋውለሻል?»

«አዎ።»

«አንብበሽዋል?»

«በዐረብኛ ነው የተጻፈው። እኔ ደግሞ ዐረብኛ አልችልም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ስህተት የለውም ብዬ ፈረምኩ።»

እኔ መውረጃዬ ከመነኸሪያው በፊት ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል እስከ መጨረሻው አብሬያቸው ሄድኩ።