የቀበሮዋ ግዝት

— ሄሎ... አቤት? አዎ፣ አስካለ ነኝ። ማን ልበል?... ዮሴፍ! የደብረ ብርሃኑ፣ የአራዊት ጥናቱ? ቆይ፣ በሩ ጋ ልቁም፣ ውስጥ ይቆራረጣል... ሄሎ፣ አሁንስ ትሰማኛለህ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችህ ደህና?... እሰይ።

— ፎቶ? ልኬ የለም እንዴ! ጓሮዬ የገባውን ሁሉ ልኬልሃለሁ። ጎመኑ ላይ ያረፈችውን ወፍ፣ አበባው ላይ ያለውን ንብ፣ ያቺን ክፉ አይጥ ሳይቀር... እ?... ከወንዙ ማዶ ያለውን የቀይ ቀበሮዋን ጉድጓድ? እሱን አልላክሁም። አልልክምም።

— ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ግዝት አለበታ!

— ግዝት ነው ያልኩህ... እንዴት አድርጎ ነው ከጥናቱ የማይገናኘው? አንተው አይደለህ እንዴ ሰንበቴ ቤት መሐል ቆመህ፣ «ጥናቱ የእናንተው ነው፤ ልጆቿን እስክታሳድግ ሰውም ውሻም እንዳይጠጋት አድርጉ» ያልከን? አደረግና! እናንተ ከተማ ዘበኛ ትቀጥሩ ይሆናል። እኛ የምናውቀው ግዝት ነው።

— ማን ጠየቀ? እኔው ነኛ! የጎረቤቴ የትዕዛዙ ውሻ እናቲቱን እስከ ወንዙ ያባረራት ዕለት፣ አባ ገብረየሱስ እግር ላይ ወድቄ ለመንኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ባለበት፣ «ከወንዙ ማዶ የረገጠ፣ ውሻም ያስከተለ፣ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝር ያለ የለም።

— ዮሴፍ፣ እየሳቅህ ነው?... አይ፣ ሰምቼሃለሁ።

— ከጓሮዬ ሆኜ? ቋጥኙ ጋርዶት ጭራዋም አይታይ። መጥተህ አይተኸው የለም እንዴ።

— ምን አልክ?... በል እስቲ ድገመው... አባ፣ ይስሙልኝማ! ማንም ሳያየኝ ሹልክ ብዬ አንሥቼ እንድመለስ ነው የሚለኝ!... አዎ፣ አባ እዚሁ ተቀምጠዋል። ጠበል ሊረጩ መጥተው። አፈርክ? እፈር!

— እሳቸው ይፍቱኝ?... አባ፣ ለአንድ ቀን፣ ለእሷ ብቻ ይፍቱላት ይላል... እህ... እህ... ስማ የሚሉህን። ለእኔ የተፈታ ለትዕዛዙም ይፈታል። ትዕዛዙ ሣር ሊያጭድ ሲገባ ውሻው ይከተለዋል። ለአንድ ሰው ተብሎ አጥር አይሸነቆርም ይሉሃል።

— ሌላ ሰው ከዚያ እንልካለን? ይሞክራ! ወንዙን ሳይሻገር በነጠላው ነው የማንቀው! የሰው ጠረን ካገኛት ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ትሰደዳለች ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህ?

— እና ፎቶ ከሌለ ምን ይሆናል?... «ሥራ ያቆመ ቦታ» ተብለን ከጥናቱ እንሰረዛለን... ክትባቱስ? ከጥናቱ ጋር ይመጣል የተባለው የውሾቹ ክትባት?...

— እሱም ይቀራል አልክ።

— ዮሴፍ። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ቀን ከገባ ቀበሮዎቹ ያልቃሉ ብለህ ያስለቀስከን አንተ ነህ። ክትባት ይመጣል ብዬ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። ዘነበች ውሻዬን አላስወጋም ብላ በሯን ስትዘጋብኝ ደጇ ላይ ቆሜ የለመንኩት እኔ! አሁን ፎቶ ስለቀረ ክትባት ይቅር? ቀበሮዋን ካላየናት ትሙት ነው የምትሉት? አዎ፣ ተናድጃለሁ!

— መመሪያ ነው?... መመሪያውን ሰማይ አላወረደው፣ ሰው ነው የጻፈው። ጻፍላቸዋ! ቀበሮዋ አለች፣ ጎህ ሲቀድ ስትጮህ እንሰማታለን፣ ፎቶ የጠፋው ሰው ስላልገባባት ነው ብለህ ጻፍ... ማስረጃ የለውም? ሆሆ! ሰው አለመግባቱ አይደለም እንዴ ማስረጃው!

— አይ አባ፣ አልቆጣም፤ እየተናገርኩ ነው።

— ስማኝ፣ ዮሴፍ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ክትባቱ ቀርቶ አንዱ ውሻ ቢያብድ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ቢሆንም አልሻገርም። አሜን ብያለሁ። ሰርዘኝ! ስሜን ሰርዘው!...

— ስልኩ? የቱ ስልክ?... ይሄ አሁን የማናግርህበት?... የጥናቱ ንብረት ነው... ከተሰረዝኩ መመለስ አለብኝ... ውይ ጉድ! አባ፣ ስልኩን መልሺ ተባልኩ!... ምን አሉ?... አዎ፣ ይገዝቱልኝ! እኔ ልሙት፣ እዚሁ፣ እየሰማ!

— ዮሴፍ፣ መስቀላቸውን አወጡ። ጆሮህን ስጠን... «ክትባቱ እዚህ ቀዬ ገብቶ ውሾቹ እስኪወጉ ድረስ፣ ይህን ስልክ ያነሣ፣ የወሰደ፣ የተገዘተ ይሁን»... አሜን! አሜን በል አንተም!... አልልም? ባትልም ሰምተሃል።

— እንዴት እንደውልልሻለን?... አትደውሉልኝማ! ግዝቱ እኔንም ያዘኝ እኮ፤ ከእንግዲህ አልነካውም። የምትፈልገኝ ከሆነ ክትባቱን ይዘህ በእግርህ ና። ደህና ዋል!