ዐጀላው ገባ ወይ?

ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ ካላክላ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት የወሎ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ካፉሪ ሰፈር ስለምትሠራበት ቤት ታወራለች።

"አሰሪዬ ዐርብ ዐርብ ዐጀላውን፣ ያን ቀጭን ብስክሌት፣ መኪናው ላይ ጭኖ ይወጣል።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚነዳው?"

"ጥሩ አስፋልት ሲያገኝ ነዋ። እስከዚያ አቧራ እንዳይነካው።"

"ያ ረብ።"

"ኮርቻው የፀጉር ያህል ዝቅ ካለ ጉልበቴን ያመኛል ይላል። እኔ ደግፌ እይዝለታለሁ፣ እሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይለካል፣ ፈትቶ እንደገና ያስራል።"

"ሚስቱስ ምን ትላለች?"

"እሷማ የወጥ ቤቱ በር ከወለቀ ከረመ እያለች ትነተርከዋለች።"

"አይሰማትም?"

"ምን ይሰማል። እንዲቀልለት ብሎ ደወሉን ሳይቀር ነቅሎ ጥሎታል። ሆዱን ግን ይዞት ነው የሚወጣው።"

"ወላሂ ጉድ ነው።"

"ትናንት ሀቡቡ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ሲነሳ ከሥራ ቦታው ደወለ። 'ዐጀላው ገባ ወይ?' አለኝ።"

"ትንሹ ልጃቸውስ?"

"ልጁ ግቢ ውስጥ ይጫወት ነበር።"

"ስለ ልጁ አልጠየቀም?"

"ጠየቀ እንጂ። የልጁ ብርድ ልብስ የት ነው አለኝ፣ ዐጀላውን እንድሸፍንበት።"

ሱቅ ዐረቢ የገዛሁትን አዲስ የብስክሌት ኮርቻ የያዘውን ፌስታል ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ቀስ ብዬ ወንበሩ ስር አስገባሁት።