«ተቀበሉኝ» ያልኩ ቀን

በእኛ ጊዜ ወገብ ማለት ጎበዝ ማለት ነበር። ተዪ የኔ ልጅ፣ አትሳቂ፣ እውነቴን ነው የምነግርሽ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ስንጭን እኔ ተገኘ በአንድ ወገን ከያዝኩ በወዲያኛው ወገን የሚይዝልኝ ሰው ይጠፋ ነበር። የፈረንጁን ሻንጣ፣ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ምኑን ምናምኑን አንድ ላይ ብድግ አደርግና ከበቅሎዋ ጀርባ አሳርፈዋለሁ፣ እና ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጊች ነው፣ ወደ አምቢኮ ነው፣ ስንነዳ እንውላለን። አባቴ ያስተማረኝ ዘዴ አንዲት ናት። «ትንፋሽህን ዋጥ፣ ጥርስህን ንከስ፣ አንሳ!» ይለኛል። ታዲያ ዋጥ አድርጌ አነሳለሁ። በቃ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እና ይህን ሁሉ ጉልበት ይዤ ምን ጣለኝ መሰላችሁ? እንቁላል! አዎ፣ የዶሮ እንቁላል። ጠዋት ነው፤ ዶሮዋ ከጎተራው ሥር ጥላለች፣ ባለቤቴ ይታይሽ «እስኪ ያን እንቁላል አቀብለኝ» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ እንቁላሉን ያዝኩ፣ እና ወገቤ ከዳኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከመካከሉ ተንሸራተተ በሉት። ተደፋሁ፤ እንቁላሉ በእጄ እንደያዝኩት ነው፣ አልተሰበረም።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ተነስ እንጂ!» አለች።

«አልቻልኩም።»

«እንዴት አትችልም? እንቁላሉስ?»

«ይኸው።»

ታዲያ መጀመሪያ እንቁላሉን ተቀበለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ ያለቀሰችው! ዛሬም ስነግርባት ትቆጣለች። ጎረቤቱ መጣ፣ እና «ኩንታል የሚያነሳ ሰው በእንቁላል ይወድቃል? ይህ የሰው ዓይን ነው» አለ። ጠበል ተጠመቅሁ። ወጌሻው መጣና በቅቤ አሸኝ፣ እግሬን ጎተተኝ፣ ትንሽ ቀን ተሻለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሳስነጥስ ከዳኝ። እሱ አለፈና ጫማዬን ሳስር ከዳኝ። ከባድ ሳነሳ ቢሆን እኮ ባልከፋኝ! ቀላል ቀላሉን ሳነሳ ነው የሚጥለኝ።

በኋላ ይታይሽ ድግ አመጣች። ድግ ታውቃላችሁ፣ ያ ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ረጅሙ ኩታ። እሷ በአንድ ጫፍ ስባ፣ እኔ እየዞርኩ፣ ጥምጥም አድርጋ አሰረችኝ፣ እና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አቤት ደስ ሲል! ከዚያ ወዲያ ማን ይፈታዋል? ቀንም እሱ፣ ሌትም እሱ። ትንሽ ላላ ሲልብኝ «ይታይሽ፣ ነይ ሳቢልኝ» ነው። እና ብታስረውም ብታስረው ወገቤ መክዳቱን አልተወም።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ስሙኝ። የእኛ መንደር ከሊማሊሞ መንገድ በታች ናት፤ መኪናው ሲያልፍ እናየዋለን እንጂ እኛ ጋ አይወርድም። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክመን ዳገቱን እናወጣና አስፋልቱ ላይ ለአምቡላንስ እናስረክባለን። አራት አራት ሆነው ይሸከማሉ፣ ሌላው ከኋላ ይከተላል፣ ይቀያየራሉ። የሚሸከመው ሰው ጋቢውን አውልቆ ይሰጣል። ለማን? መሸከም ለማይችል ሰው። ለሽማግሌ፣ ለበሽተኛ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠሪ ጮኸ፣ እኔም እንደልማዴ ሮጬ ቃሬዛው ሥር ገባሁ። ሙላት የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ከእኔ ያንሳል፣ ክንዱ ግንድ ያህላል። «አያ ተገኘ፣ አንተ ተው» አለኝ፤ «መንገድ ላይ ብትወድቅ ሁለት በሽተኛ ልንሸከም ነው? ይልቅ ጋቢዬን ያዝልኝ» አለና ከትከሻዬ ላይ ጣለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌሎቹም ጋቢያቸውን ጨመሩልኝ። እና እኔ፣ ተገኘ፣ የጋቢ ክምር ታቅፌ ከኋላ ከኋላ፣ ከአሮጊቶች ጋር!

አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እቤት ገብቼ እህልም አልበላሁ። ያልተሸከመን ሰው ነገ ማን ይሸከመዋል እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። አይ፣ ሰዎቻችን ደጎች ናቸው፣ ይሸከሙታል፤ ግን በምን ዓይኑ ያያቸዋል? «ይታይሽ፣ ወይ ወደ ቃሬዛው እመለሳለሁ፣ ወይ ጠሪ ሲጮህ ከቤት አልወጣም» አልኳት።

እሷ ገበያ ሄዳ ሰምታ መጣች። ደባርቅ ላይ አንዲት ልጅ አለች አሉ፣ ዘይነባ የምትባል፣ የዳባት ነጋዴ ልጅ፣ ፊዚዮቴራፒ የተማረች፤ መርፌ አትወጋም፣ ክኒን አትሰጥም፣ ሰውነትን ነው የምታስተምር። ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «አባባ፣ ይህን ይፍቱት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ድጉን።»

«ልጄ፣ ይህን ከፈታሁማ እወድቃለሁ።»

«አልጋ ላይ ተኝተው ወዴት ይወድቃሉ?»

ድጉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይታይሽ ደግሞ ከጎኔ ቆማ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ፍቺው አንቺው!» አለቻት። ተፈታ። ልጅቱ ጀርባዬን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ውጪኛው ጡንቻዎ የበሬ ነው» አለች። እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ከሥሩ ያለው ግን ተኝቷል» አለች። ደረቴ ተመለሰ።

«ወገብ አጥንት በአጥንት ላይ የተደረደረ ነው፣ ብቻውን አይቆምም» አለችኝ። «ትልልቁ ጡንቻ ሸክም ያነሳል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ከውስጥ አንዱን አጥንት ካንዱ ጋር ይዘው እንዳይንሸራተት ያደርጉታል። ከፊትም ሆድዎን ዙሪያውን የሚይዝ ጡንቻ አለ፣ እግዜር የሰጠዎት ድግ ይበሉት። እጅዎን ሊያነሱ ሲያስቡ እሱ ከእጅዎ ቀድሞ ነው የሚነሳው።»

«ሳላዘው?»

«ሳያዙት። የእርስዎ ግን ዘግይቷል። ኩንታል ሲያነሱ ተዘጋጅተው ነው፣ ሁሉንም ያጠብቁታል። እንቁላል ሲያነሱ ማን ይዘጋጃል? እጅዎ ሄደ፣ እሱ ተኝቶ ቀረ፣ አጥንቱ ያለ ጠባቂ ተንሸራተተ። ድጉ ደግሞ ሥራውን ሲሠራለት ይብሱን ለምን ይነሳል?»

እኔ ጫኝ ነኝ፤ ይህ ገባኝ። ጭነት በአንድ መጫኛ ብቻ ብታጠብቀው ይዘማል፣ በቅሎዋን ያቆስላል እንጂ አይጸናም፤ ዙሪያውን እኩል መሳብ አለበት። እንዲህ ብዬ ስነግራት «በትክክል!» አለችና «ከላይ የትንፋሹ ጡንቻ እንደ ክዳን አለ፣ ከታች ደግሞ ሽንት የምንይዝበት ጡንቻ እንደ ወለል...» ስትል «ዝም በይ አንቺ ልጅ!» አልኳት። «ምነው አባባ?» «ነውር ነው፣ የልጅ ልጄ ትሆኛለሽ!» እሷ እቴ! እየሳቀች «ነውር ቢሆንም ወገብዎን ይዞታል» አለችኝ። ይታይሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወጣች።

ታዲያ ትምህርቱ ተጀመረ። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ከእምብርትህ በታች ያለውን ሆድ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ትንፋሽህን ግን አትያዝ። እኔ ደግሞ ትንፋሽ ሳልይዝ ምንም ሠርቼ አላውቅም! «እያወሩ ያንሱ አባባ፤ ማውራት ከቻሉ ትንፋሽዎን አልያዙም ማለት ነው» አለችኝ። ይታይሽ ይህን ስትሰማ «ወይ ጉድ! ላንተ ወሬ መድኃኒት ሆኖ ታዘዘልህ? በቃ እኔ አለቀልኝ!» አለች።

ደግሞ ሌላ አለ። በአራት እግርህ ትንበረከክና ቀኝ እጅህን ወደፊት፣ ግራ እግርህን ወደኋላ ዘርግተህ ሳትነቃነቅ መቆየት ነው። በረንዳው ላይ እንዲያ ሆኜ ሙላት በአጥሩ አየኝ። ከዚያማ አገር አወቀ። «አያ ተገኘ እንደ ውሻ እግሩን ማንሳት ጀመረ» እያለ በየደረሰበት አሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ፤ ድጉን ቀን ቀን ፈታሁ፣ ቀጥሎ ሌትም ፈታሁ። ወገቤም መክዳቱን እየተወ መጣ፤ ማሳም ሄድኩ፣ ጭነትም ትንሽ ትንሽ ጀመርኩ። ዘይነባ ግን ስታሰናብተኝ አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች። «ይህ የውስጡ ጡንቻ ሲደክመው ሳይነግርዎ ነው ሥራውን የሚተው። ሳይተውዎ እርስዎ ቀድመው ይወቁለት። ላይችሉ አይገግሙ» ብላኛለች።

በጥቅምት ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ከእርሻ ስትመለስ ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። ጠሪ ጮኸ። ሮጬ ስደርስ ቃሬዛው ላይ አስተኝተዋታል፣ ትቃትታለች። ሙላት ጋቢውን እያወለቀ «አያ ተገኘ፣ እንካ» አለኝ። «ዛሬስ እህቴ ናት፣ እኔ ነኝ የምሸከማት» አልኩት። ከቃሬዛው ላይ ጥሩወርቅ ራሷ «ተገኘ ወንድሜ፣ ተው፣ ትጥለኛለህ» አለችኝ። ሙላት ከሳቀው ይልቅ ይህ አመመኝ። ክፉ አይደለችም እኮ፤ ፈርታ ነው።

«አልጥልሽም» አልኩና ገባሁ። ጎንበስ አልኩ፣ ሆዴን ሰብሰብ አደረግሁ፣ ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ እና እያወራሁ አነሳሁ። ዳገቱን ጀመርነው። ስለ በቅሎዬ አወራሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ አማቷን ሳይቀር አማሁላት። «ኧረ ዝም በል፣ ስታስቀኝ እግሬን ያመኛል» ትላለች እያቃሰተች። እንዲህ እንዲህ እያልን ግማሹን ወጣን።

ከዚያ ከጠመዝማዛው ላይ ውስጤ ላላ ሲልብኝ ተሰማኝ። ሕመም አይደለም፤ ሥራውን ሊተው ሲል ነው። በእኛ አገር ደግሞ የተሸከመ ሰው ራሱ መጥተው ይቀበሉታል እንጂ «ተቀበሉኝ» ብሎ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ዕድሜ ልኩን ይወራበታል። ጥርሴን ነክሼ ዳገቱን ልጨርሰው? ወገቤ አንዴ ቢከዳኝ እህቴ በዚያ ገደል... «ተቀበሉኝ!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ከኋላዬ ተራው የሙላት ነበር። መጣ፣ ግን ትከሻውን አላስገባም። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «አያ ተገኘ፣ አልችልም» አለኝ። «ምነው?» ሸሚዙን ገለጥ አደረገልኝ። ከሥሩ የሚስቱን መቀነት ጥምጥም አድርጎ አስሯል! እሱ ነው እንግዲህ ሲስቅብኝ የከረመው። ላዋርደው እችል ነበር፣ አፌም በላኝ። ግን ፊቱን አየሁት፤ ላብ ወርዶት፣ ልጅ መስሎ። «አንተኛው፣ አንተ ና ተቀበል!» ብዬ ሌላውን ጠራሁ፣ ቃሬዛው ሳይነቃነቅ ተቀበለኝ፣ እና ከሙላት ጋር ጎን ለጎን የተሸካሚዎቹን ጋቢ ተካፍለን ይዘን ወጣን።

አስፋልቱ ላይ አምቡላንሱ ውስጥ ሊያስገቧት ሲሉ ጥሩወርቅ እጄን ያዘችኝ። «ተባረክ፣ እስከዚህ አደረስከኝ» አለች። «ኧረ እኔ ከጠመዝማዛው ላይ ተቀይሬያለሁ» አልኳት። «ተው! ስትጮህስ ሰምቻለሁ፤ ግን ቃሬዛው ሳይነቃነቅብኝ ተቀየርክ?» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

በሳምንቱ ሙላትን ይዤ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ለሚጠይቀን ሰው እኔ ነኝ አንተን የማሳክምህ» እያለ መጣ። እሺ አልኩት። ልጅቱ ወገቡን ነክታ «ይህን ያህል ጊዜ ታመው ምነው ዝም አሉ?» ብትለው ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «ማን ጠይቆኝ!» አላት። «ና አንሳ ይሉኛል እንጂ ወገብህ እንዴት ነው ያለኝ ሰው የለም» አላት። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ ጎረቤቱ፣ ያን ሁሉ ስታመም ከርሜ፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

«የእርስዎስ ወገብ ዛሬ እንዴት ነው አባባ?»

ኧሃሃ! እሰይ፣ አንቺ ስትስቂብኝ የነበርሽው የኔ ልጅ፣ ጠየቅሽኝ። ተመስገን፣ ደህና ነው። ግን በወሬ ይዣችሁ ብዙ ተቀምጫለሁ፣ ደርቋል፤ ነይ እስኪ እጅሽን ስጪኝና አስነሺኝ።